የኪኒን ቀዷ

ከድጃ ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንላት ሴት ናት። ይህን አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ቤት ሄዳ ወንበር ቢሳብላት እንኳ ሁለት ደቂቃ አትቀመጥም፤ ተነስታ መጋረጃ ታስተካክላለች፣ የጀሪካን ክዳን ታጠብቃለች፣ የሰው ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች። አባቷ ከወሎ ወርዶ በሐዲድ ሠራተኛነት የተቀጠረ ሰው ነበር። እሷም በአሥራ ሰባት ዓመቷ የጣቢያው እንግዳ ማረፊያ ገብታ አንሶላ አጣቢ ሆነች። የድሮው ባቡር እስኪቆም ድረስ መንገደኛ የተኛበትን አንሶላ ስታጥብ፣ ስታሰጣ፣ ስትተኩስ ኖረች። አዋሽ ላይ ፀሐይ አይለመንም፤ ያኛውን ጫፍ አስጥተሽ ሳትጨርሺ ይሄኛው ይደርቃል። የቆሸሸ አንሶላ ለነገ አሳድራ አታውቅም።

የቀረ ነገር አትወድም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ልጇን ከውሰርን አርግዛ ረመዳን ሲገባ ፆሙ አልሆንላት አለ። የፈታችውን ቀን ሁሉ በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫረች አስቀመጠች። ልጅቷን ጡት እንዳስጣለች አንድ ባንድ ፆማ ጨረሰችው፤ በፆመች ቁጥር አንዷን ጭረት በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ይኼ ቀዷ ማውጣት ይባላል፤ በሕመም ወይም በወሊድ ወይም በመንገድ ያለፈን ፆም በሌላ ቀን መተካት ነው። ብዙ ሰው ቀዷውን ከዓመት ዓመት ሲያንከባልል ይኖራል። ከድጃ አታንከባልልም። ጎረቤቶቿ «አንቺማ ዕዳ መዝጋቢውን መልአክ ሥራ አስፈታሽው» እያሉ ያሾፉባታል።

ባሏ አብዱረህማን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ድንበሩን በገላፊ ሲሻገር ሲመለስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ከሦስት ዓመት በፊት ዲቾቶን አለፍ እንዳለ መኪናው ተገለበጠና ሞተ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከድጃን ጥሏት ሄደ። ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። የሚበላው ሁሉ አፏ ውስጥ አፈር ሆነባት። ቀን ቀን ባቡር የማያልፍበትን ሐዲድ ይዛ እስከ ድልድዩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ሰው ሲጠይቃት «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ትላለች። እግር የሚፍታታው እንግዲህ ስንት ጊዜ ነው?

በመጨረሻ ከአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባች። ያሬድ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ጤና መኮንን አገኘች። ሳያቋርጥ ሰማትና «እትዬ ከድጃ፣ ይሄ ድብርት የሚባል ሕመም ነው። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው» አላት። አሚትሪፕቲሊን የሚባል ኪኒን አዘዘላት። «ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ ብቻ ነው የሚወስዱት። አንድም ቀን እንዳያቋርጡ» ብሎ አስጠነቀቃት። ካቋረጥኩስ ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት።

ከክሊኒኩ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና ነው። ምን ቆርጧት ለሰው ትናገራለች? አዋሽ ላይ የጭንቀት ኪኒን የሚውጥ ሰው ስም አንድ ነው፤ እብድ ነው። እቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረችና ኪኒኖቹን ከማሸጊያቸው እያወጣች በባዶ የጨጓራ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጨመረቻቸው። ማሸጊያውን አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ብልቃጡን ቢያይ «ጨጓራዬን እኮ ነው» ትላለች። ለከውሰርም እንደዚያው ብላታለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ኪኒኑ ግን ሠራ። ሐሰት አይነገርም፣ ሠራ። ጥቂት ሳምንት እንደቆየ መኪና የማይቀሰቅሰው እንቅልፍ መጣ፤ ሽሮው ሽሮ ሽሮ ማለት ጀመረ። ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ ነው ነገር የተበላሸው። ኪኒኑ ያስተኛል፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚበላውን ሱሑር ያስቀራል። ሁለት ቀን ሳትበላ ፆመች፤ በሦስተኛው ቀን በማታው ሶላት፣ በተራዊሕ ላይ ቆማ አንቀላፋችና ከፊቷ ያለችው ሴትዮ ጀርባ ላይ ተደገፈች። ከድጃ ከዚያ ወዲህ የሴቶቹን ፊት ማየት አቃታት። «ለአላህ ወር ስል ልተወው፤ ኢድ ሲያልፍ ቀዷውን አወጣለሁ» ብላ ለራሷ ወሰነች። ማንን ታማክር? ሚስጥር አድርጋ የያዘችውን ነገር የሚመክራት ሰው ከየት ይመጣል? ያ የድሮ ከሰል እንደገና ወጣና ኪኒኑን በተወችባቸው ቀኖች ልክ የጓዳው ግድግዳ ተጫረ።

ኢድ አለፈ። እንቅልፍ ማጣቱ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ብሶ። ልቧ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የያዘችው ዕቃ ይወድቃል። ወዲያው ደግሞ ከሰመራ ስልክ ተደወለ፤ ከውሰር ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። ስሙ በሰባተኛው ቀን ይወጣል፣ አብዱረህማን ሊባልም ነው። ከድጃ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ የጉዞ ልብሷን ስታጣጥፍ እጇን አየችው። በዚህ እጅ አራስ ልጅ ይታጠባል? በሰው ፊት ያ ስም ሲጠራ ራሷን መግዛት ትችላለች? ጓዳ ገብታ ጭረቶቹን ቆጠረች፣ ብልቃጧን ያዘች፣ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሰመራ ስትደርስ ሙቀቱ ከአውቶቡሱ በር ላይ ተቀበላት። አማቿ ሙሐመድአሚን መናኸሪያ መጥቶ ዕቃዋን ተሸከመላት። የአፋር ልጅ ነው፣ መምህር ነው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዝም ስለሚል ምን እንደሚያስብ አታውቅም፤ ለዚህም ነው ከሰው ሁሉ እሱን የምትፈራው። ቤቱ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ወደ ሰርዶና ወደ ዲቾቶ የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ ደጃፉ ላይ ማርሽ ይቀይራል። ከውሰር ሕፃኑን ልታቅፋት ስትዘረጋላት ከድጃ «ቆይ፣ አቧራዬን ልታጠብ» አለች። ታጠበችም፣ አላቀፈችውም። እጇ አልረጋላትም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሙሐመድአሚን ገበያ ወጣ፤ ከውሰርና ሕፃኑ አሸለቡ። ስም ማውጫው ሦስት ቀን ቀረው። ከድጃ ጓዳ ገብታ ብልቃጧን ከፈተች። ቀዷ በቀን ነው የሚወጣው። ፆም ቢሆን በቀን አንድ እንጂ ከዚያ አይታለፍም፤ ኪኒን ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ይዋጣል፣ እንዲያውም በአንድ ቀን ተገላገልኩ ብላ አሰበች። በልቧ የያዘችውን ቁጥር ያህል ቆጥራ በመዳፏ አፈሰሰችው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ለማንም አይጠቅምም። «ቢስሚላህ» ብላ በውሃ ዋጠችውና ቀዷ ያወጣ ሰው የሚሰማው ያ ቀለል ማለት ተሰማት። ደስ አላት፤ የሚገርመው ይኼ ነው።

የሕፃኑን ጨርቆች አጥባ ገመዱ ላይ ስታሰጣ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ። ውሃ ጠጣች፤ አልረጠበም። ወዲያው የጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሆነባት። ልቧ መሮጥ ጀመረ፤ ያለ መታከት እየመታ እስከ ጆሮዋ ይሰማታል። ፊቷ እሳት ሆኗል፣ ግን ላብ የሚባል ነገር የላትም። ሰመራ ላይ በቀትር ግቢ ቆሞ ላብ የማይወጣው ሰው ይኖራል? ግድግዳውን ተደግፋ ገባችና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ከድጃ ራሷ ቁጭ አለች፤ ከውሰርን ያስደነገጣት እሱ ነው።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

ሙቀት ነው ያለችው ራሷ ናት። ሰውም አመናት፤ ለምን አያምናት? ከአዋሽ ወደዚህ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሙቀት ይመታዋል። ከውሰር በአራስ ጉልበቷ ማራገቢያውን ጎትታ አዞረችላት፣ ራሷን በእርጥብ ጨርቅ አሰረችላት። ሙሐመድአሚን ከገበያ ሲመለስ አማቱ ምንጣፉን በጣቷ እየቆነጠረች ስትጎትት አገኛት። ከዓይኗ ጥቁሩ ሰፍቶ ቡናማው ጠፍቷል። ወተት ሊያጠጣት ሞከረ።

«ይሄን አንሶላ አንሡት» አለችው ከድጃ። «ቆሽሿል። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ሊገባ ነው፣ አልጋው አልተነጠፈም።»

ሙሐመድአሚን ምንጣፉን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ይሄ ተኝተው የሚነሡለት ሙቀት አይደለም» አለና ባጃጅ ሊያመጣ ወጣ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሀይማኖት የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው፤ ከደጋ ለሥራ መጥታ ሰመራ ላይ አምስት የሙቀት ወቅት ያሳለፈች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት። ሙቀት የመታውን ሰው በቀን ስንቱን ታያለች። የከድጃን ብብት ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። ዓይኗ ውስጥ መብራት አበራች፣ ጥቁሩ አልጠበበም። ሆዷን ከእምብርት በታች ጫን አለችው፣ ፊኛዋ ሞልቶ ተወጥሯል። ነርሷ ፊቷ ተለወጠ።

«እናትሽ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላ ከውሰርን ጠየቀቻት።

ከውሰር ሕፃኑን አቅፋ፣ በአንድ እጇ ብልቃጡን ከእናቷ ቦርሳ አውጥታ ሰጠቻት። «የጨጓራ ብቻ ነው።»

ነርሷ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አነበበች። አንድ ኪኒን አፍሳ አገላበጠችውና አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ይስሙኝ። ይሄ የጨጓራ አይመስለኝም። ምንድን ነው የወሰዱት? መቼ ነው? ስንት ነው?»

ከድጃ ሰምታለች። ባቡሩ ይመጣል ይሄዳል፤ የአንሶላው ክምር ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፤ በመሐል ግን ነገር ሁሉ ጥርት የሚልባት ጊዜ አለ። በዚያ ጥርት ባለው ሰዓት ሁሉንም አየች። አልጋው ግርጌ ሙሐመድአሚን ቆሟል። ከውሰር ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። እውነቱን ብትናገር ምን ይከተላል? አማቿ እብድ እናት አለቻት ይላል፤ ያንን ልጅ ደግሞ እስከ ዘላለሙ አታቅፈውም። ባትናገርስ? አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ እየተንገዳገደ እንደሆነ ይሰማታል፤ ልቧ ይሮጥና ይስታል፣ ይሮጥና ይስታል።

«የጨጓራ ነው» አለች።

ሀይማኖት አልተናደደችም። የልብ ምት የሚያነበውን ማሽን ገመዶች ደረቷ ላይ እየለጠፈች፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች። «እማማ፣ እኔ የሚመስለኝን ልንገርዎት። ለድብርትም ለእንቅልፍም የሚሰጥ ኪኒን አለ። በልኩ ሲወሰድ ሰው ያድናል። ከልኩ ካለፈ ግን የሚይዘው ልብን ነው። አሁን ያናግሩኛል፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ላያናግሩኝ ይችላሉ። ሙቀት ነው ብዬ ውሃ ብቻ እየሰጠሁ ባስተኛዎት፣ እዚሁ አልጋ ላይ ልብዎ ሊቆም ይችላል። እኔ ደግሞ መገመት አልፈልግም።»

ማሽኑ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። ነርሷ ወረቀቱን አየችና ቀና ብላ ሐኪሙን ጠራችው። በዚያች ቅጽበት ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጭን ድምፅ ናት፣ ከባቡሩ ጩኸት መሐል ለይታ ሰማቻት። ሳላቅፈው፣ አለች በሆዷ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ አንድ ቀን ሳላቅፈው።

«ቀዷ አወጣሁ» አለች።

ነርሷ አልገባትም፤ ክርስቲያን ናት፣ ከየት ታውቀዋለች። «ምን አሉኝ?»

«ቀዷ… የቀረብኝን።» ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ያን ጊዜ ሙሐመድአሚን ከግርጌ ወደ ራስጌ መጣና ተንበረከከ። ከሰው ሁሉ እንዳይሰማ የፈራችው ሰው፣ ከቆሙት ሁሉ ቶሎ የገባው እሱ ሆነ። «የምን ቀዷ፣ እናቴ? የፆም?»

«የኪኒኑ። በረመዳን ትቼው ነበር። የተውኩትን ሁሉ… ጠዋት አራት ሰዓት ላይ… ባንዴ ዋጥኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «የጭንቀት ነው። የጨጓራ አይደለም። ያሬድ… አዋሽ… ስልኩ በስልኬ ውስጥ አለ። አትንገረው ለሰው።»

ሙሐመድአሚን ተነሥቶ ለነርሷ ቶሎ ቶሎ አስረዳት። በፆም ጊዜ የቀረ ነገር ይተካል፤ እሳቸው የቀረውን መድኃኒት እንደዚያ የሚተካ መስሏቸው ባንድ ጊዜ ወስደዋል አላት። ከዚያ የከድጃን ስልክ ይዞ እየደወለ ወደ ኮሪደር ወጣ። ከድጃ ስንት ኪኒን እንደዋጠች ለነርሷ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም።

ያለፈውን የነገረቻት ከውሰር ናት፣ ያውም ከሁለት ቀን በኋላ። ቁጥሩን ተናግራ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ሐኪሙ ግን ምን እንደያዛት አውቆ ጠብቋታል። መንቀጥቀጡን በመርፌ አቆመላት፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚባለውን በደም ሥሯ ሰጣት፤ ሰፍቶ የነበረው የልቧ ምት መስመር ማሽኑ ላይ ጠብቦ እስኪስተካከል ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ያሬድ በስልክ የመድኃኒቱን ስምና የአንዷን ኪኒን መጠን ተናገረ። «አያቋርጡ ብቻ ነው ያልኳቸው» አለ ለሙሐመድአሚን። «የቀረ ይቅር ማለት ነበረብኝ።» ከድጃ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከማሽኑ ጋር ታስራ አደረች።

ሀይማኖት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጎኗ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይሄን ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን፤ እንዳይከፋዎት። ራስዎን ለመጉዳት አስበው ነበር?»

«አስተግፊሩላህ» አለች ከድጃ። «ለመዳን ነው ልጄ። ቸኩዬ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው ይስሙኝ፣ ለጎረቤትም ይንገሩልኝ። ያለፈ ኪኒን አይተካም፤ የነገውን በነገው ሰዓት መቀጠል ብቻ ነው። ብዙ ቀን ከተቋረጠ ደግሞ ከመጀመር በፊት ሐኪም ይጠየቃል። አንድ ሰው ከልክ በላይ ከወሰደ፣ ደህና ነኝ ቢልም እንኳ፣ ወተት ማጠጣት የለም፣ ማስመለስ የለም፣ እስኪያልፍለት መጠበቅ የለም። ወዲያው ወደዚህ ነው። ብልቃጡንም ይዞ፣ ከነትክክለኛ ስሙ።» የመጨረሻዋን ስትል ፈገግ አለች። ከድጃ ግን አልሳቀችም፤ አፈረች።

የከውሰር ነገር ነው የከበዳት። ልጅቷ መጥታለች፣ ሾርባ አምጥታለች፣ ፊቷን ጠርጋላታለች፤ ዓይኗን ግን አታሳርፍባትም። ከሆስፒታል ወጥተው እቤት ገቡ። ስም የሚወጣበት ቀን ነበር፣ ግን አያቱ ሆስፒታል እያለች አይሆንም ብሎ ሙሐመድአሚን ወደ አሥራ አራተኛው ቀን አሸጋግሮታል። ከቀትር በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ከውሰር ሕፃኑን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ሥር አብጧል። ከወለደች ጀምሮ አልተኛችም፤ በዚያ ላይ ይኼ።

«እማ፣ እውነት ቀዷ ነበር?»

ከድጃ ይህን ስትጠብቅ ነበር። «ወላሂ ቀዷ ነበር። ሞት አላማረኝም። ሞት አምሮኝ ቢሆን ይሄን ያህል መንገድ አልመጣም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ? ብልቃጡን እኔ ነኝ ያሳየሁት። የጨጓራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሽን ባትከፍቺ ኖሮ፣ እኔ ነበርኩ የገደልኩሽ።»

ይኼን አላሰበችውም። ስለ ሰው ዓይን ስትጨነቅ፣ ስለ አማቿ ዝምታ ስትጨነቅ፣ ውሸቱ በልጇ እጅ እንዳለ አንዲት ቀን አልታያትም።  

«አባትሽ ከሞተ ጀምሮ አሞኛል» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ አሞኛል። እብድ ይሉኛል ብዬ ደበቅሁሽ። ልጁን ትከለክዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ብትከለክዪኝም አይከፋኝም።»

 ከውሰር ወደ ውስጥ ገባችና ሕፃኑን እናቷ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። አልቅሳ እቅፍ ታደርጋታለች ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ከውሰርን አያውቃትም።

«ያዥልኝ» አለች። «አንቺ እንደሆንሽ አትተኚም። እኔ ልተኛ።»

እዚያው ምንጣፉ ላይ ጋደም አለች፤ ጎኗ መሬት ሳይነካ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇን የእናቷ ቀሚስ ጫፍ ላይ ጥላ ተኛች። ከደጅ ወደ ዲቾቶ የሚሄድ ከባድ መኪና ማርሽ ቀይሮ አለፈ። ከድጃ ብድግ አላለችም። ብትነሣ ያቺ እጅ ከቀሚሷ ላይ ትወድቃለች። ስሙ ገና ያልወጣውን ልጅ አቅፋ፣ እግሯን አጥፋ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል ዋለች።